ሬዲዮው ያወራልሽን መድኃኒት አትጠብቂ

ይድረስ ለእህቴ ለመብሩካ ይማም፤ ጅማ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ አብዱልናስርስ፣ ልጃችሁ ፋዲላስ ደህና ናቸው? የጅማ ዝናብ ጋብ አለላችሁ? እኔና ባለቤቴ ኩልሱም ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉልበታችንን ቢይዘንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሐኪሙ ጡትሽ ላይ ያለው እብጠት ነቀርሳ ነውና ቶሎ ይውጣ ቢልሽ፣ «ወንድሜ መድኃኒቱን አግኝቷል፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፣ እሱን እጠብቃለሁ» ብለሽ እንደመለስሽው ጽፈሻል። መብሩካ፣ መድኃኒት የለም። ሬዲዮው ዋሽቷል፤ ውሸቱን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሞክረው መድኃኒት የነቀርሳውን ዲ.ኤን.ኤ.፣ ማለት የዘሩን ክር፣ ይበጥሳል። ነገር ግን በሴሉ ውስጥ የተበጠሰውን የሚጠግኑ ኢንዛይሞች አሉ፤ አብዱልናስር በስፌት መኪናው የተተረተረ ልብስ እንደሚሰፋ ሁሉ ክሩን መልሰው ይቀጥሉታል። የእኔ ሥራ እነዚህን ጠጋኞች የሚያስቆም ነገር መፈለግ ነው። ሐምሌ ላይ መድኃኒቱን የሞከርኩባቸው አይጦች እብጠት በአምስተኛው ቀን ሟሸሸ። አለቃዬ ለአብዮት በዓል ይድረስ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «ደግማችሁ ሞክሩ» እያልኩ ያስለቀስኩ ሰው፣ ሳልደግም የውጤቱን ሪፖርት ፈረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ተመልሶ መጣ።

ማስተባበያ ጻፍኩ፤ አለቃዬ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ሬዲዮውም በበዓሉ «መድኃኒት ተገኘ» ብሎ አወጀ። ባለፈው ዓርብ በውይይት ክበብ ካድሬው «ጓድ ነጅመዲን የሕዝብን ድል በማንኳሰሱ ግለ ሂስ ያድርግ» አለ። ተነሣሁ። «ግለ ሂሴ ይኸው፣ ጥፋቴ ያልተጣራ ውጤት መፈረሜ ነው፣ እብጠቱ ተመልሷል፣ በቃለ ጉባኤ አስፍሩልኝ» አልኳቸው። ከኋላ አንዱ «እንግዲህ አይጦቹም ፀረ አብዮት ሆኑ» ቢል፣ ሁሉም ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀብለው መጋዘን መደቡኝ። ይመድቡኝ። ይህንንም ደብዳቤ ከፍተው የሚያነቡ ካሉ፣ አጣርተው ያንብቡት።

አንቺ ግን ከቀበሌሽ የይለፍ ወረቀት አውጥተሽ ይህ በደረሰሽ በሳምንቱ ውስጥ ነይ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር በላይነህ አብሮ አደጌ ነው፤ «ዛሬ ነገ ካላለች ተስፋ አላት፤ ግን አልምልልህም» ብሎኛል። የማይምል ሐኪም ይሻላል። ዱዓሽን አድርጊ፣ ሼሁም ቁርዓን ይቅሩልሽ፤ ቀዶ ጥገናውን ግን አታስቀሪ። ኩልሱም ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል አዘጋጅታልሻለች።

አብዱልናስርን ሰላም በይልኝ፤ «ትንሽ እንቆይ» ካለሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ፋዲላን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷን ጥቂት ቀን ታቋርጥና አንቺን ይዛ ትምጣ። እኔን መቆጣት ይገባሻል፤ ግን እዚህ መጥተሽ ተቆጪኝ።

ወንድምሽ ነጅመዲን ይማም
የካ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.