ስምህ ሲጠራ

ታምሬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ደኅና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ግን ደኅና ነን። ሳሮንም ደኅና ናት፤ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍልህ ሜይፌር ከተከራየሁት ክፍል፣ አንድ እግሯ በሚወላገደው ጠረጴዛህ ላይ ሆኜ ነው። ድሮ ጠግናት እያልኩ እነዘንዝህ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም።

ዛንድስፕሩት ሰፈር የነበረንን ሱቅ ትቼዋለሁ። መሀል ከተማ አንድ ፎቅ ውስጥ መጋረጃ እሸጣለሁ፤ ሥራው አይከፋም። ሳሮን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የዙሉ ቋንቋውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ በእንግሊዝኛ ታርመኛለች፤ በአማርኛ ስቆጣት ብቻ የሰማች አትመስልም። አንተን መሰለች፣ ምን አደርጋታለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተወኝም። ሰው በሳንቲም ብረት ቆርቆር ሲያደርግ አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰ ይመስለኛል። ደንበኞቻችን የሱቁን ፍርግርግ እንዲያ ነበር የሚያንኳኩት። እዚህም ካለሁበት ሕንፃ ሥር ሰዎች እንዲያው ሳያስቡት የደረጃውን ብረት በሳንቲም ይነካሉ፤ ያኔ አንተ በዙሉ አቤት እንደሚባለው "ዬቦ!" ብለህ ስትመልስ እሰማሃለሁ። በትዝታ አይደለም፣ በጆሮዬ ነው የምሰማህ። ሁለት ጊዜም ዞር ብያለሁ።

ያን ቀን የታክሲ ሾፌሮች አድማ ነበር። ጠዋት በየመንገዱ ጎማ ሲቃጠል ስለዋለ ሱቁን ዘግተን ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ረገብ ሲል "ሰው ዳቦ አጥቶ ይዋል እንዴ?" ብለህ ፍርግርጉን ሳትነካ ከኋላው ያለችውን መስኮት ብቻ ከፈትክ። ወዲያው ሰልፍ ሆነ። ሁለቱ ሰዎችም እንደ ማንም ተሰልፈው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ብረቱን ቆርቆር አድርገው "ሳውቦና" ብለው ሰላም አሉህ፤ አንተም "ዬቦ" ብለህ ጎንበስ አልክ። እኔ ከኋላ የዱቄት ከረጢት እያወረድኩ ሦስት ጊዜ ሲተኮስ ሰማሁ። ምንም አልወሰዱም፤ በዚያ ፍርግርግ ምን ይወሰዳል? ተራ ጠብቀው ገደሉህ፣ ታምሬ። እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ መቆም አልችልም።

ፖሊስ መንገዱ ተዘግቶበት ዘገየ። መርማሪው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ አዲስ በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። ሽጉጡም አልተገኘም። ጥጉ ላይ ይቆማል የተባለው የከተማው ፖሊስ ኬላ ትዝ ይልሃል? በጀቱን ለማጽደቅ ፓርቲዎቹ ሳይስማሙ ከንቲባ ወረደ፣ ሌላ ወጣ፣ እሱም ወረደ። ያፈሰሱት ሲሚንቶ አሁንም ባዶውን አለ፤ አንዲት ሴት ቲማቲም ትሸጥበታለች። ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ችግሩ የውጭ አገር ሰው ነው ይላል፣ ሌላው ጠመንጃው ነው ይላል፣ ሦስተኛው ፖሊስ ደመወዝ ስላነሰው ነው ይላል። ሁሉም ስላንተ ነው የሚያወሩት፤ ስምህን የሚያውቅ ግን አንድም የለም።

ድሮ የከተማውን ምክር ቤት ዜና እያየን ስንት ስቀናል! ሊሸነፍ ያለው ወገን ብድግ ብሎ ሲወጣ አፈ ጉባኤው "ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ስብሰባው ተበትኗል" ይል ነበር። አንተ ታዲያ "ነይ ተመልከቺ፣ እድራችን ቴሌቪዥን ላይ ወጣ!" ትላለህ። እውነትህን ነበር። አገር ቤት ክልሉ ሲከፈል እኛም እዚህ፣ ቢለዋ የደረሰብን ይመስል፣ ለሁለት ተከፈልን፤ ነባሩና አዲሱ እድር። ባንድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ሰው ለቀብር ሁለት ሆነ። አንተ ግን ማንንም ላለማስቀየም ለነባሩም ለአዲሱም አዋጣህ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ አንዱ ጋ፣ በሦስተኛው እሑድ ሌላው ጋ ትሰበሰብ ነበር። "ቀባሪ ሲበዛ ምን ይጎዳል?" አልከኝ። የሌላ እድር አባል የሆነ ሰው አባልነቱ ይሰረዛል የሚል ደንብ ሁለቱም እንዳላቸው ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረህ። አይ አንተ።

አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። በሦስተኛው ቀን የሁለቱም እድር ሽማግሌዎች ባንድ ሰዓት መጥተው በክፍሏ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እኔ ሞኟ ያንተን ክብር ላሳያቸው ብዬ ከብስኩት ጣሳው ውስጥ ሁለቱን የአባልነት ደብተር አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁላቸው። "ሁለታችሁንም ይወዳችሁ ነበር" አልኩ። የነባሩ እድር ሊቀ መንበር ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አወለቁና "ደንቡ ግልጽ ነው፣ እህቴ" አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንክ። ነባሩ፣ የአዲሱ ነው ይላል፤ አዲሱ፣ የነባሩ ነው ይላል። አንዱን ደብተር ብቻ ባወጣ ኖሮ ዛሬ በአገርህ አፈር ውስጥ ነበርክ። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ስብሰባ ሲጠሩ የሚሸነፍ የመሰለው ወገን ወጥቶ ይሄዳል፤ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ይባላል። በዚያ ላይ የሬሳ ቤቱ ሠራተኞች አድማ መቱ። በሩ ላይ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ አይቼ እንዴት እንደረገምኳቸው እግዚአብሔር ያውቃል። አብራኝ የሄደችው ጎጎ ኖምሳ ነበረች፤ ለሱቁ ቦታ ያከራየችን ያቺው ባልቴት። ዕድሜዋን ሙሉ ሆስፒታል ስትጠርግ የኖረች ሰው ናት። እጄን ያዘችና "ሀይቦ፣ ሲሲ፣ ኧረ እህቴ! እኔም እዚህ በር ላይ ጨፍሬያለሁ። ልጆቹ ሳይበሉ ያደሩበት ሰው ያንቺን ባል እንዴት አድርጎ ይጠብቅልሽ?" አለችኝ። የልጅ ልጇን በጥይት ያጣችው ካንተ አንድ ዓመት ቀደም ብላ እንደሆነ ታውቃለህ። ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ከዚያ በኋላ በማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ።

አድማው አበቃ፣ እድሮቹ ግን አላበቁም። ሬሳ ቤቱ ውሰዱ ሲለን፣ "እዚህ እንዳትቀብሪኝ" ያልከኝን ሰው ከከተማው በስተ ምዕራብ ቀበርኩህ። ሁለቱም እድሮች መጥተው በጉድጓዱ ወዲያና ወዲህ ቆሙ፤ አካፋውን ደግሞ ተሻሙበት። አፈር ለማልበስ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ነበር።

እናትህ በስልክ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፈሩ ምን ዓይነት ነው አሉኝ። "ቀይ ነው፣ እማ" አልኳቸው። "እንደኛው ነዋ" አሉ። እኔ ግን ያንን አፈር ባየሁ ቁጥር ከእጄ የማይለቅ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የባሰውን ሰማሁ። በየወሩ በሁለቱም እድር ስም ሲጠራ ያንተም ስም ይጠራል ለካ! እነሱ ቀድመው ይሰርዙት፣ የለም እነሱ ይሰርዙት እየተባባሉ ማንም ሳይሰርዝህ ቀርቷል። ጸሐፊው "ታምራት ኤርሱሞ" ይላል፤ መልስ የለም፤ "ቀሪ" ብሎ ይጽፋል። ወር በገባ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቀሪ። አረፈደ እንደሚባል ሰው። ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ ሳቅ ሳቅ እያላት ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያውና ሦስተኛው እሑድ ሲደርስ አንተ ትታየኝ ጀመር። እዚያ አዳራሽ በር ላይ ቆመህ ስምህን እየሰማህ መልስ መስጠት ያቃተህ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። አሌክሳንድራ ሱቅ የነበረውን ዘለቀን ታስታውሰዋለህ፣ ፍሪጃችንን በፒክአፑ ያመጣልንን? እሱንም ገደሉት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁ ውስጥ። ሚስቱ አገር ቤት ናት፤ መንታ ልጆቹን በስልክ እንጂ በዓይኑ አላያቸውም። ከነባሩ እድር ወጥቶ አዲሱ ውስጥ ተመዝግቦ ነበር፤ የሦስት ወሩ መጠበቂያ ግን አላለቀለትም። ስለዚህ ከነባሩም የለ፣ ከአዲሱም የለ። ያንተን ጉዳይ ካበላሹ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የጋራ ጉባኤ ይወስን የሚል ደንብ አውጥተዋል፤ አርባ ሰው መገኘት አለበት።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ተሰበሰቡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ውስጥ ዳቦ እቆርጣለሁ፤ ሁለቱን ደብተሮችህን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ለምን እንደያዝኳቸው አትጠይቀኝ። ነገሩ ወደ መስማማት ሲያዘነብል ጊዜ አንዱ "ስልክ ላናግር" ብሎ ወጣ፤ ሌላውም መኪናውን ሊያይ ወጣ። ስም ሊጠራ ተጀመረ። ሁላችንም በጣታችን ስንቆጥር ሠላሳ ስምንት ነው። የዘለቀ ወንድም ጥግ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ያጣምማል። ጸሐፊው ከነባሩ መዝገብ ላይ "ታምራት ኤርሱሞ" ሲል እስክሪብቶው "ቀ" ብሎ ጀምሯል።

"አለ!" አልኩ።

ቢላዋው እንኳ ከእጄ አልወረደም ነበር፣ ታምሬ። ጋሽ ጴጥሮስ ደንግጠው "እህቴ፣ ሟች እኮ አይቆጠርም" አሉኝ። እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ "ሟች ከሆነ፣ ጋሼ፣ ለምን አልሰረዛችሁትም? ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ቀሪ ስትሉት ከረማችሁ። ቀሪ የሚባለው በሕይወት ያለ ሰው ነው። መዝገባችሁ አለ ካለ አለ ነው። በአዲሱም መዝገብ አለ። ሁለት ነው፤ ቁጠሩት!" ደብተሮቹንም እንደዚያን ቀን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፈረ።

"እንግዲያው አሁኑኑ እንሰርዘዋ!" አለ ከአዲሱ ወገን አንዱ። ጋሽ ጴጥሮስ ደንቡን ገልጠው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ስም ለመሰረዝም ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጠረጉ። "እዚያ ማዶ ሆኖ ያስታርቀን ጀመር" ብለው አርባ ብለው ጻፉ። ዘለቀ አገሩ እንዲሄድ ሲወሰን በተቃውሞ እጅ ያወጣ አልነበረም፤ ስልክ ሊያናግሩ የወጡት በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ጴጥሮስ ወደኔ ዞር አሉና ቀስ ብለው "ልጄ፣ አሁን ጉባኤው ሞልቷል። ስሙን በክብር እንሰናበተው፣ ወይስ ይቆይ?" አሉኝ። ይቆይ ልል ነበር። ለሌላ ቀን ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬም አሰብኩ። ግን ያ በር ታየኝ፤ በሩ ላይ ስሙ እየተጠራ መልስ ያጣው አንተ ታየኸኝ። "ሰርዙት፣ ይረፍ" አልኩ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። በሁለቱም መዝገብ ላይ ቀሪ የሚለውን ሳይሆን "አረፈ" የሚለውን ጻፉ። እዚያው ቁጭ ብዬ የቀብርህ ዕለት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

ሐሙስ ዕለት ዘለቀን ልሸኝ አየር ማረፊያ ሄጄ ነበር። ሳጥኑን በእጄ ነካሁት። ልዋሽህ አልችልም፣ ቀናሁ። ላንተ ያልሆነው ለሱ ሲሆን አንጀቴ ተቃጠለ። ቢሆንም ለመንቶቹ እናት ደስ አለኝ። ቅናትና ደስታ ባንዴ በአንድ ሆድ ውስጥ ያድራሉ፣ ለካ።

እንግዲህ ስምህን የሚጠራ መዝገብ ከዚህ በኋላ የለም። ዛሬ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። ጠዋት ከሳሮን ጋር በዚችው በምትወላገደው ጠረጴዛ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ድንገት ከአፌ "ታምራት ኤርሱሞ" የሚል ወጣ። ለምን እንደጠራሁህ አልነገርኳትም ነበር። ቀና ብላ አየችኝና አንተ ደንበኛ ስትመልስ እንደምትለው፣ ባንተው ድምፅ፣ "ዬቦ!" አለች። ይህን ጊዜ ዞር አላልኩም። በሕይወት እስካለን ድረስ፣ በየመጀመሪያውና በየሦስተኛው እሑድ እንጠራሃለን፤ ቀሪ አትባልም።

ሚስትህ፣ ብርቱካን