ዝም በማለቱ ስለተቀጣው ወንድሜ

ለተከበሩ የጨዋታ ድርጅቱ የደንበኞች ደስታ ክፍል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላ ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ኢንተርኔትዎ የማይቆራረጥ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ጉሮሮዎ የጸዳ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው አቤቱታ ስተይብ ኖሬ የራሴን አንድም ቀን አልጻፍኩም ነበርና ለዚህ ክብር ስላበቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መጀመሪያ በግል ጻፍኩልዎ፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ደስታዎ ደስታችን ነው» የሚል መልስ መጣልኝ። ደግሜ ብጽፍ ያው ደስታ ተደገመልኝ። ደስታው ሲበዛብኝ ጊዜ ለሌላውም ሰው ይትረፍ ብዬ በአደባባይ ጻፍኩ።

ይህች ባልቴት ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ከኮምፒውተር ጨዋታ ጋር ምን አገናኛት እንደሚሉ ይገባኛል። ያገናኘኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ የአውቶቡስ መናኸሪያ ጠሪ ነበር፤ የትኛው አውቶቡስ ወዴት፣ መቼ እንደሚነሣ ለመንገደኛው የሚያስታውቀው እሱ ነበር። ማይክራፎኑ ሲበላሽ እንኳ ማንም ልብ አይልም ነበር፣ ድምፁ እንዲያ ነበርና። ሹፌሮቹ «ነጎድጓድ» ይሉት ነበር። ሚስቱማ «ኧረ ቀስ በል፣ ጎረቤት አለ» ስትለው ነው ያረጀችው። ታዲያ ያ ጉሮሮ ታመመ፤ ሐኪሞቹ ነፍሱን አትርፈው ድምፁን ወሰዱት። አንገቱ ላይ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ቀረለት። ሥራውም ተከትሎ ሄደ፤ ድምፅ የሌለው ጠሪ ለማን ምን ያደርጋል?

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የልቡን የሚያወራው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም የእርስዎ ጨዋታ ውስጥ ነው። ይህችን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፣ አቤቱታዬ ሁሉ የሚነሣው ከእርሷ ነውና።

አንደኛ፣ ስለ አሮጌው ጨዋታ። በግንብ የታጠረች ከተማን ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ከወራሪ የሚከላከሉበት ያ ጨዋታችሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልኩ አያምርም ነበር። ፈረሱ ከጠረጴዛ የሚለየው በጭራው ብቻ ነበር። እኔ በቤቴ፣ እሱ በቤቱ ሆነን ከምሳ በኋላ እንገናኝ ነበር፤ እኔ ግንብ እገነባለሁ፣ እሱ በር ይጠብቃል። ከስክሪኑ ግርጌ የሚጻፍባት አንዲት ጠባብ መስመር ነበረች። ወንድሜ በእርሷ ላይ ምን ይጽፍልኝ እንደነበር ልጥቀስልዎ፤ «እትዬ፣ ግንቡን ተይውና በሩን ያዢ። ዛሬ ቀዳዳውን ሲያጸዱልኝ ሞቴን ተመኘሁ። በግራ መጡብሽ፣ በግራ!»

አዩት አይደል ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ነበር የሚያወራው። በስልክ መልእክት «እንዴት ዋልክ?» ስለው መልሱ «ደህና» ነው። ሚስቱም ስትጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። በሽተኛ ቀኑን ሙሉ እንዴት ነህ እየተባለ ሲጠየቅ «ደህና» ማለት ይለምዳል፣ ጠያቂውን ለማሳረፍ። ዓይኑ ጠላት ላይ ሲሆን ግን ልቡ ይፈታል፤ ማን ሊያዝንለት እንደተቀመጠ ይረሳዋል። ደግሞ አሮጌው ጨዋታ ማቆሚያ ቁልፍ ነበረው። ወንድሜ እንዲያ ያለ ነገር ሲጽፍልኝ ያችን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ወራሪው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ቀስቱም አየር ላይ ይቀራል። እኔም አልቅሼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ እህት የምትለውን ብዬ፣ ከዚያ ጦርነቱን እንቀጥላለን። አንድም ወራሪ ለምን ቆየሽ ብሎኝ አያውቅም። ከእናንተ ይልቅ ወራሪዎቹ ጨዋ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ እድሳቱ። አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ከፈትን፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጨዋታዎ ታድሷል!» አለን። ማን አድሱልን አለ? ለካ የገዛነው ጨዋታ የእኛ አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው፤ አሮጌው በሌለንበት ተነሥቶ አዲሱ በቦታው ተጎልቷል። መቼም ውለታ አይካድም፣ ያማረ ነገር አምጥታችኋል። አሁን ፈረሱ ጋማ አለው፤ ጋማው በነፋስ ይበተናል። ኩሬው ውስጥ ደመና ይታያል። ለፈረሱ የሚገዛ ካባ አለ፣ ለካባው የሚገዛ ቁልፍ አለ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የወንድሜ ኮምፒውተር ሊነሣ እንዳለ አውሮፕላን ያጓራል። የጠፉት ሁለት ትናንሽ ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ማቆሚያ ቁልፏና የምንጽፍባት መስመር።

ማቆሚያዋ ለምን ተነሣች ብዬ ብጠይቅ «የአዲሱ ጨዋታ ዓለም ሕያው ስለሆነ አይቆምም» የሚል ማብራሪያ ደረሰኝ። ግሩም ነው። እኛ ሕያዋን ግን እንቆማለን፤ ድስት ይገነፍልብናል፣ በር ይንኳኳብናል፣ አንዳንዶቻችንም የምንተነፍስበት ቀዳዳ ይደፈንብናል። የመጻፊያዋ መስመር የተነሣችው ደግሞ ተጫዋቾች እንዳይሰዳደቡ ነው አላችሁ። በምትኩ ማይክ ተሰጠን፤ አሁን ስድቡ በጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ በቀጥታ ጆሯችን ውስጥ ይገባል። ማይክ ለማይጠቀም ደግሞ አስባችሁ ስድስት ሥዕሎች አስቀምጣችኋል፤ የሚስቅ፣ የሚያጨበጭብ፣ የሚጨፍር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ክቡርነትዎ ይምከሩኝ እስቲ፤ ወንድሜ «ትናንት ሳስል ደም መጣብኝ» ሊለኝ ሲፈልግ የትኛውን ይጫን? ጭብጨባውን ይሆን?

ሦስተኛ፣ ስለ ዝምታ። በአሮጌው ጨዋታ ከተማዋን የምንጠብቃት ሁለታችን ብቻ ነበርን። በአዲሱ ግን ወዳጅነት ይስፋፋ ብላችሁ ሁለት የማናውቃቸውን ሰዎች ጨመራችሁብን። ሁለቱ በማይክ ይጮኻሉ፤ «በር ጠባቂ፣ አትሰማም እንዴ? ተናገር እንጂ! ዱዳ ነህ?» ይላሉ። እኔ «ወንድሜ ድምፅ የለውም» እያልኩ በማይክ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንደኛው ሳቀ፣ ሌላኛው ለእናንተ ከሰሰ። የእናንተ ማስጠንቀቂያም ሳይውል ሳያድር መጣ፤ «ከቡድንዎ ጋር ባለመነጋገርዎ የሌሎችን ደስታ አደፍርሰዋል» ይላል። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ አካውንቱ ታገደ። አያቶቻችን ዝም አይነቅዝም ብለው አስተምረውን ነበር፤ ይህ አባባል እናንተ ዘንድ መሻሩን ማን ይንገረን?

አራተኛውን ከሦስተኛው ለይቼ መጻፍ ስላቃተኝ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ለእገዳው ይግባኝ ማለት ይቻላል ተባለ። ይግባኙ ምንድን ነው ቢሉ፣ ተጫዋቹ ሰው እንጂ በፕሮግራም የሚንቀሳቀስ ሐሰተኛ አለመሆኑን ያረጋግጥ ዘንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በድምፁ አንብቦ እንዲልክ ነው። ባለመናገሩ የተቀጣን ሰው፣ ይግባኝህን ተናገር! ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ፤ እኔ ብቻዬን ባስብ ዕድሜዬም አይበቃኝም።

ቤቱ ሄጄ፣ እኔ ላንብብልህ አልኩት። ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፤ «ሰው መሆኔን አንቺ አትመሰክሪልኝም፣ እትዬ።» ከዚያ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት መሣሪያ ልንገርዎ። ሆስፒታል ሳለ ሰጥተውታል፤ መንጋጋው ሥር ሲያስጠጋት ትንቀጠቀጥና አፉ የሚሠራውን ቃል ድምፅ ታደርገዋለች። ድምፁ ግን የሰው አይመስልም፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት ያለው መላጫ ያወራ ነው የሚመስለው። አንዴ ሞከራት፣ ራሱን ሰማ፣ ከዚያ ቤቱ ወስዶ የካልሲ መሳቢያው ውስጥ ጣላት። ሚስቱ ለመነችው፤ ልጆቹ «አባዬ ስማችንን ጥራን» አሉት። እኔም እግሩ ላይ ወድቄያለሁ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ ሳልል። የሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «ነጎድጓድ ሞቶ መላጫ ተተካ እንዲባል አልፈልግም» ብሎ ጻፈልን። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ ደፍሮ የጠየቀው የለም።

ያን ዕለት ግን መሣሪያዋን ይዞ ወጣ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፎ፣ መናኸሪያ የሚሄድ መስሎ። ማይኩ ፊት ተቀመጠና መሣሪያዋን አንገቱ ላይ አስጠጋ። እኛ ለምነን ያጣነውን ድምፅ ለእናንተ ሰጣችሁ። «እኔ ሰው ነኝ። ከሰዎች ጋር መጫወት እፈልጋለሁ» አለ። «ድምፅዎ ግልጽ አይደለም፤ እንደገና ይሞክሩ» አላችሁት። ደገመላችሁ። አሁንም እንደገና አላችሁት። በሦስተኛው ላይ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ተማሪ እየለየ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ «እኔ፣ ሰው፣ ነኝ» አለ። ሚስቱ እጇ እንደረጠበ ከማድ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች።

የእናንተ መልስ ብዙም አልቆየም። ቃል በቃል እነሆ፤ «የላኩት ድምፅ በማሽን የተፈጠረ መሆኑ ተረጋግጧል። አካውንትዎ ለዘለቄታው ተዘግቷል። ድምፅዎ ሌሎች ተጫዋቾችን ከሐሰተኞች ለመጠበቅ፣ የማሽን ድምፅ ናሙና ሆኖ ይቀመጣል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

የወንድሜ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከአንገቱ ቀዳዳ አየር ፊስ ፊስ ይል ጀመር። እኔ ሞኟ የሳቀ መስሎኝ አብሬው ሳቅኩ። ዞር ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ለማንም አልጻፈም። የስልክ መልእክቴን ያነበዋል፣ አይመልስም፤ «ደህና» ማለት እንኳ ቀረ። ቤቱ ስሄድ ወንበር ይስብልኛል፣ ሻይ ያቀርብልኛል፣ ከዚያ ግድግዳውን ያያል። መሣሪያዋን የት እንደጣላት ሚስቱም አታውቅም። አንጀቴ አሯል ክቡርነትዎ፤ በጨዋ ቋንቋ ጽፌዋለሁና ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ።

በቅርቡ ደግሞ «ተጫዋቾቻችን ምን ይፈልጋሉ?» የሚል መጠይቅ ማሰራጨታችሁን ሰማሁ። ኮምፒውተር የሚጠግንልኝን ጎልማሳና ወዳጆቹን ጠይቄ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው፤ አሮጌውንም አዲሱንም ያውቁታል። አንድም ሰው የፈረስ ጋማ አልጠየቀም። የገዛነው ይሁንልን፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አይጥፋብን፣ ስናቆመው ይቁም፣ ቁልፎቹን እጃችን እንደሚመቸው እናድርጋቸው፣ አሮጌውን ለወደደው ተዉለት አሉኝ። ያው ተራ ነገር ነው። ለእናንተ ግን መስጠቱ እንዴት ያለ ጭንቅ እንደሆነ ስለገባኝ እኔ በበኩሌ ሁሉንም ትቼላችኋለሁ። አሮጌው ጨዋታ ይቅርብኝ። ግንቤን አፍርሱት። ማቆሚያዋንም፣ መጻፊያዋንም፣ አካውንቱንም ውሰዱት።

የምለምነው አንድ ቃል ነው። የሐሰተኞችን ድምፅ በምታስቀምጡበት ሣጥን ውስጥ የወንድሜ ድምፅ አለ፤ ማሽናችሁም ሰው ያልሆነ ምን እንደሚመስል ከእርሱ እየተማረ ነው። ነገ ሌላ ጉሮሮው የተቆረጠ ሰው ሰው ነኝ ቢላችሁ አይደለህም የምትሉት ከወንድሜ በተማራችሁት ነው። ከዚያ ድምፅ አጠገብ የጻፋችሁትን ሰርዛችሁ «ሰው» ብላችሁ ጻፉልኝ። ሁለት ፊደል ነው፤ ለአንድ ታይፒስት የዓይን ጥቅሻ ሥራ ነው።

ደስታን ከሰው ሁሉ አስበልጦ ለሚያስበው ክፍልዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እርስዎንም ጉሮሮዎንም የሚሠራውን የማያውቅ ማሽን እንዳይመረምራችሁ እየጸለይኩ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የበር ጠባቂው ታላቅ እህት፣
ግንበኛዋ

ማስታወሻ፦ ሁለቷን ፊደል የሚጽፍ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ የታጣ እንደሆነ፣ ወንድሜ ሥራ ፈት ነው። ሰው መሆኑን የሚገልጽ ማመልከቻውን በገዛ ድምፁ፣ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ልኮላችኋል።