እንጨት የሌለበት ለቅሶ

ግንቦት 4፣ ረፋድ
ዛሬም ስብሰባ። ሙቀቱ ጭንቅላት ያዞራል። የከተማውን የካርቦን ልቀት ለመቀነስ ያረቀቅኩት ደንብ ተነበበ፦ እድሮች ለለቅሶ ቤት እንጨት ማዋጣት ያቁሙ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያብስሉ። የኛ እድር ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሳይከራከሩ እሺ አሉ። ሙከራው በኛ እድር ይጀመር ተባለ። ም/ቤቱ ሰኞ ሳምንት ያጸድቃል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አባዬ ቢሻለው።

ግንቦት 7
አባዬ አረፈ። መጻፍ አልችልም።

ግንቦት 8፣ ከቀብር መልስ
ማስታወሻዬ፣ ጉዴን ስማኝ። ድንኳን ተተከለ፣ ምድጃው መጣ፣ መብራት የለም። ከትናንት ጀምሮ የለም። ዘመድ ከአጣዬ፣ ከጣርማ በር ማዶ ይጎርፋል፤ ሽሮ እንኳ አልተሠራም። አንድም እድርተኛ ጭራሮ ይዞ አልመጣም። በኛ አገር ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ ማን ነበር? ጋሽ ታደሰን ለመንኳቸው። አልተቆጡም፣ እሱ ነው የገደለኝ።
«ልጄ፣ ደንቡ ያንቺ ነው። በአባትሽ ለቅሶ ብናፈርሰው አንቺን ማዋረድ ነው» አሉኝ።
ገና ያልጸደቀ ረቂቅ! አክብረውኝ እኮ ነው። አክስቴ ሰው እየሰማ፣ ወንድሜን ያለ እህል ሸኘሽው አለችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት
ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ የደረቀ የማንጎ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመው መጡ። ደንብ አለ፣ ይቀጣሉ አልኳቸው። አፌን በቆረጠው።
«አባትሽ የባሌን ቀብር ቆፍሯል። ከፈለግሽ ቅጪኝ» አሉና እሳቱን አነደዱ።
ያኔ ሌሎቹም እያመጡ ከመሩ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ገና አሁን አለቀስኩ።

ግንቦት 10
የመ/ቤት ኃላፊዬ ሊያስተዛዝን መጣ። አመዱን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሙከራው ተሳክቷል ብለሽ ሪፖርት ጻፊ፣ አለዚያ ደንቡ ወድቆ ቀረ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይወድቃል። ስንት የለፋሁበት! ጻፍኩለት።

ግንቦት 11፣ ጠዋት
እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ግራሩ እያለቀ ነው፣ ሙቀቱም ዓመት ከዓመት እየባሰ ነው፤ ደንቡ ይቅር ማለት አልችልም። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ምድጃ ሳይኖር ከጸደቀ ግን የስንቱ ሐዘንተኛ ቤት እንደኛ ሊሆን ነው? ሁለቱን ማን ያስታርቅልኛል? አባዬን ልጠይቀው እላለሁ፣ ከዚያ ትዝ ይለኛል።
ሪፖርቱን ለኃላፊዬ ሳልሰጠው ቀደድኩት።
ሰኞ ጥቁሬን እንደለበስኩ ም/ቤት ፊት እቆማለሁ። ሙከራው የከሸፈው አባቴ ቤት ነው፣ ምስክሯም እኔ ነኝ እላለሁ።