ትሮስተሩድ ጣቢያ ለብቻቸው የቆሙት እታለም

ወዳጄ፣ ይቺን የሕይወት ታሪክ ወረቀት ይዘሽ ከኋላ የቆምሽው፣ ወንበር ስላጣሽ ይቅርታ። ዛሬ አዳራሹ ሞልቷል። እታለም ይህን ቢያዩ እንዴት ደስ ባላቸው፤ በሕይወት እያሉ እኮ አንድም ቀን ሰው እንዲህ ወጥቶላቸው አያውቅም።

እታለም ከአባታቸው ከአቶ እንዳሻው ተስፋጽዮን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወይንሀረግ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ይርጋለም ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እዚያው ተማሩ። ልጅ ሆነው ታመው ሆስፒታል ሲተኙ፣ ከኖርዌይ የመጣች ነርስ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በተሰባበረ አማርኛ ስለ ጌታ ነገረቻቸው። እሳቸውም አመኑ። አማርኛዋ ያስቅ ነበር ይላሉ፤ ግን መጥታ ነገረቻቸው። ይህን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ አድነው ጋር ተጋብተው ሲሳይንና ሐናን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ቤተሰቡ ተሰዶ ኦስሎ ገባ። መሀል ከተማው፣ ሴንትሩም፣ ቢሮ እያጸዱ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አበቁ፤ ባለቤታቸውንም እዚሁ ቀበሩ።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ የወንጌል ስርጭት ኮንፈረንስ ታዘጋጃለች። እንግዳ ሰባኪ ይመጣል፣ «ማነው የሚሄድ?» ብሎ ይጮኻል፣ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ «አሜን!» ይላል፣ ከዚያ ምሳ ይበላል። እታለም ግን የምር መስሏቸው ወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ በቴርሞስ ይዘው ትሮስተሩድ የቲባነ ባቡር ጣቢያ እየቆሙ፣ በዚያ በተሰባበረ የኖርዌይ ቋንቋቸው፣ ለሚሄድ ለሚመጣው ስለ ጌታ መናገር ጀመሩ።

አብሯቸው የሚቆም ሰው ነበር የፈለጉት። አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «እነሱ ባሕር ተሻግረው ይርጋለም ድረስ መጡልን፤ እኛ በሊፍት ወርደን መንገር አቃተን?» አሉ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ዘካርያስ «እህታችን እታለም፣ በጸሎት ከጎንዎ ነን» አሏቸው። «ከጎኔማ ያለው ነፋሱ ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ሰው ሳቀ።

የልብ ጓደኛቸው ወ/ሮ በቀለች እዚሁ ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ ሰፈር ነው የሚኖሩት። እታለም ዓርብ ዓርብ እየደወሉ «በቄ፣ ነገ ትወጫለሽ?» ይሏቸዋል። መልሱ ሁሌ ያው ነው፣ በኖርዌጂያን «አዎ፣ አዎ» ተብሎ ይጀመራል፦ «ያ፣ ያ፣ ጌታ ቢፈቅድ የሚቀጥለው ቅዳሜ አልቀርም፤ አሁን ግን ብርድ ብጤ ነክቶኛል።»

አምና ካንሰር ተገኘባቸው። አቅም ሲያጡ እንኳ ታጣፊ ወንበር እያስያዙ ይሄዱ ነበር። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ።

ያኔ ነዋ ሰው የመጣልሽ፣ ወዳጄ! ቅዳሜ ትሮስተሩድ የራቀበት ሁሉ፣ ከከተማ ውጭ ከሊለስትሮም ሳይቀር፣ በትሪ ምግብ ተሸክሞ ለቅሶ ደረሰ። ቤቱ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቆመ፤ ዝማሬው ሕንፃውን ነቀነቀው። በሦስተኛው ቀን ከታች ፎቅ የምትኖረው ናታሊ መጥታ አንኳኳች። ጋሽ ዘካርያስ ከፈቱ። ኖርዌጂያን መሆኗን ሲያዩ ጩኸት በዛ ልትል የመጣች መሰላቸው። አፏን ሳትከፍት «ኡንሽል፣ ኡንሽል፣ እንቀንሳለን!» ብለው ይቅርታ ጠየቁና በሩን ዘጉባት።

የእታለም የልጅ ልጅ ማኅደር ሮጣ ሊፍቱ ጋ ደረሰችባት። ለካ ናታሊ እናቷ የሞተች ጊዜ እታለም ጣቢያው ላይ አብረዋት አልቅሰው፣ ጸልየውላት ነበር። «ቤተ ክርስቲያናችሁ መምጣት እችላለሁ? ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ አጣኋቸው» አለች። እታለም ስንት ክረምት በረዶ ላይ ቆመው የጠበቁት ጥያቄ ይህ ነበር። ራሱ ደጃቸው ድረስ መጣ፤ እኛ እየዘመርን ዘጋንበት።

እታለም የሲሳይና የሐና እናት፣ የማኅደርና የኤልያብ አያት ነበሩ። የወደዱት ጌታ ብርድ በሌለበት ቤቱ ያሳርፋቸው። እኛን ግን አያሳርፈን።

ነገ ቅዳሜ ነው። ናታሊ ጠዋት ጣቢያው ጋ እጠብቃለሁ ብላለች። ማኅደርም «እትዬ በቀለች፣ እባክዎ አብረን እንውጣ፣ ለአያቴ ሲሉ» ብላ ለመነቻቸው። ወ/ሮ በቀለች እንባቸውን ጠረጉ። የመለሱላት ቃል በቃል ይኸው፦

«ያ፣ ያ፣ ጌታ ቢፈቅድ የሚቀጥለው ቅዳሜ አልቀርም፤ አሁን ግን ብርድ ብጤ ነክቶኛል።»