ካርዴን ያዋስኩት ለወንድሜ ነው

ሰኞ፣ ኖቬምበር 6
በረዶ ጣለ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የስልክ ድርጅታችንን ደጃፍ ስጠርግ፣ አሸዋ ስበትን... ወገቤን ያዘኝ። ኢልካ የበር ካርዴን መለሰልኝ። ቅዳሜ ነበር የተዋሰኝ፣ "ላፕቶፔንም ካርዴንም ቢሮ ረስቼ ወጣሁ" ብሎ። "የእግዚአብሔር ሰላም፣ ወንድም ታውኖ" አለኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። የቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ የሕንፃ ጠባቂን እንዲህ ሰላም የሚል እሱ ብቻ። ጸሎት ቤትም አንድ ወንበር ላይ ነን። ባለቤቴ ሄልቪ ስትሞት ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ ነው።
ትናንት ግን ጸሎት ቤት አልመጣም። ልጅ ታሞበት ይሆን?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9
ኢልካ ተባረረ! "የድርጅቱን መመሪያ በመጣሱ" ይላል ደብዳቤው። ሌላ አንዲት ቃል የለበትም። ኡሉ ከተማ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።
"ሴት ናት" አለች ምግብ አብሳይዋ ሲርፓ፣ የሐሙሱን አተር ሾርባ እየጨለፈችልኝ።
"ኧረ መጠጥ ነው" አለ አንዱ መሐንዲስ።
"ለእምነቱ ሲል ቤቱ ቴሌቪዥን እንኳ ያላስገባ ሰው!" አልኩ።
"ለዚህ አይደል እንዴ ዘጠኝ ልጅ የወለደው!" አለ መሐንዲሱ።
ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። "ለኢልካ እኔ ዋስ ነኝ!" አልኩ። ምን አስጮኸኝ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 10
የሠራተኛ አስተዳደሯ ካሪና ጠራችኝ። በሩን ዘጋች።
"ታውኖ፣ እሑድ አራት ሰዓት ላይ አዲሱ ስልክ የሚሞከርበት ክፍል ተከፍቷል። ባንተ ካርድ።"
እሑድ አራት ሰዓት... እየዘመርኩ ነበር።
"ኢልካ 'ታውኖ ገብቶ ይሆናል' ብሎን ነበር። ካሜራው እሱን ባያሳየን ኖሮ ዛሬ የምትባረረው አንተ ነበርክ።"
"ምን ሊያደርግ ገባ?"
"እሱን ልነግርህ አልችልም።"
ለእኔም ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ካርድ ማዋስ ክልክል ነው። ይገባኛል።
ግን ኢልካ እሑድ ጠዋት የት እንደምሆን ያውቃል። ያውቃል!

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 11
ኃላፊው ወንድሜ ነው እያልኩ የኮራሁትስ እኔ አይደለሁ? ጌታ ሆይ፣ ያንንም እይልኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 12
ከስብከቱ በኋላ ኢልካ መጣ። አንገቴን አቀፈና "ኃጢአቴን ሁሉ ይቅር በለኝ" አለኝ። በእኛ ዘንድ እንዲህ የጠየቀ ሰው እምቢ አይባልም፣ ዝርዝርም አይጠየቅም።
"ሁሉ ስትል... የቱን?" አልኩት።
ክንዱን ከአንገቴ አወረደ። "ካርዱን። ስምህን መስጠቴንም።"
"ለምን እኔን?"
"አንተ ለምን ብለህ ስለማትጠይቅ።"
ከሄልቪ ቀብር ወዲህ እንዲህ ያመመኝ ነገር የለም። "በኢየሱስ ስምና ደም ኃጢአትህ ሁሉ እንደተሰረየ እመን" አልኩት። አፌ አለው። ልቤ ገና መንገድ ላይ ነው...

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13
ዛሬም በረዶ። ሲርፓ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። "ታውኖዬ፣ ካርዴን ቤት ረሳሁ፤ ክፈትልኝ!"
አሥራ አንድ ዓመት የማውቃት ሴት።
"ለምን?" አልኳት።
ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው።
"ሾርባ ልሠራ ነዋ፣ ታውኖ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።