ስምንት አንግስትሮም ባዶ ቦታ

ካንቤራ፣ ሴፕቴምበር 12

ድሮ ፍቅሬ ለነበርከው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የዌሊንግተን ንፋስ አልከበደህም? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ላንተ መዋሸት ግን ድሮም አይሆንልኝም። ደህና አይደለሁም፤ ተቃጥያለሁ።

ያቺን ሦስት አቶም ብቻ የምትወፍር የሞሊብዲነምና የድኝ ንጣፍ በኮምፒዩተር ሳሰላ ሁለት ዓመቴ ነው። አንተ ባሳተምከው ጽሑፍ ቀይ ብርሃን ትውጣለች ብለሃል፤ እኔ ጋ ብርቱካናማ እየሆነ አስቸገረኝ። አማካሪያችን ግሌኒስ በየሰኞው እየመጣች፣ እሱ ያገኘውን አንቺ ካቃተሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው፣ እስኪገጥም መመረቂያሽን አልፈርምም ትለኛለች። እኔም እንደ ጅል አምኜ በትልቁ ኮምፒዩተር ወረፋ ስጠብቅ ከረምኩ። አርባ አንድ ጊዜ ደገምኩት።

የኔን ፋይል ለምን አላየሽም ትለኝ ይሆናል። እልህ ነዋ። እዚህ ላብራቶሪ ማንም የስሌት መመሪያ ፋይል ከባዶ አይጽፍም፤ ከቀዳሚው ገልብጦ የአቶሞቹን ስም ብቻ ይቀይራል። እኔ ግን ያንተን ከምነካ እጄ ይቆረጥ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ዕለት እልሄ አለቀና ከፈትኩት።

ኮምፒዩተሩ አንዷን ንጣፍ ከላይም ከታችም እየደጋገመ እንደሚደረድራት፣ በመካከልም ሰፊ ባዶ ቦታ መተው እንዳለብን ለተማሪዎች የምታስተምረው አንተ ነህ። ያንተ ፋይል የተወው ስምንት አንግስትሮም፣ የጥቂት አቶሞች ስፋት ብቻ ነው። በስምንት ንጣፏ ብቻዋን አይደለችም፤ የራሷ ግልባጭ አናቷ ላይ ተቀምጦባታል። ሃያ አምስት ሳደርገው ያንተው ፋይል የኔኑ ቁጥር፣ ብርቱካናማውን፣ ሰጠኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወንበሩን በርግጫ መታሁት።

ለግሌኒስ ነገርኳት። እሷም፣ በዚያ ጽሑፍ እኮ ነው ሥራ የያዘው፣ ልጁን ገደል አትክተቺው አለችኝ። እኔስ የት ነው ያለሁት አልኳት። እንግዲያው ለራሱ እጽፍለታለሁ፣ የጽሑፉን ማረሚያ ለመጽሔቱ እሱው ይላክ ብያት ወጣሁ።

አውቅሃለሁ፤ ፋይሉን እኔ አልጻፍኩትም ትላለህ። እውነትህን ነው። አናቱ ላይ፣ «ለሙከራ ብቻ፤ ቶሎ እንዲያልቅ ባዶው ቦታ ጠቧል፤ ከባህር ስንመለስ ይስተካከላል» ይላል። ያን ቅዳሜ ቤትማንስ ቤይ የሄድነው ሁለታችን ነን። መኪናውን የነዳኸው አንተ፣ ፋይሉን የጻፍኩት እኔ። ስንመለስ ማናችንም አላስታወስነውም። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜ አልነበረበትም፤ ያኔ ተለያይተን ነበርና አፌን ዘጋሁ። ፋይሉን መክፈት የጠላሁት በእልህ ብቻ እንዳይመስልህ።

እና ማረሚያው ላይ ስሜን ጠቅሰህ ጥፋቱ የእሷ ነው ብለህ ጻፍ። እቀበላለሁ፤ ሥራህም ይተርፍልሃል። ጥፋቱን የኔ ለማድረግ ግን ስሌቱም የኔ ነበር ማለት ይኖርብሃል።

እናትህን ሰላም በልልኝ። ፈጣሪ ጤናና ድፍረት ይስጥህ። እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ፤ መጠበቅ እንደማውቅበት ታውቃለህ።

ያንተ የነበርኩት