እናቴ ከእጄ ስትሸሽ

እሑድ
ዛሬም አላስነካችኝም። ልብሷን ልቀይርላት ትከሻዋን ስይዛት ደንግጣ ሸሸች። «ማነሽ አንቺ? የሬሳ እጅ ነው ያለሽ፣ ሂጂልኝ» አለችኝ። እናቴ ናት። መርሳት ከጀመራት ወዲህ ብዙ ክፉ ነገር ብላኛለች፤ ይኼኛው ግን አንጀቴን ቆረጠው። ደግሞ አልተሳሳተችም። ከአውቶቡስ ወርጄ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ቤቷ እስክደርስ ጣቶቼ ኖራ መስለው ነበር። ብነክሳቸውም አይሰማኝ።

ሰኞ
ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የደም ዝውውር ችግር ነው አለች፤ ብርድ ሲነካኝ የጣቶቼ ደም ስሮች ይጠባሉ። ከቤት ሳልወጣ ጓንት እንዳደርግ ነገረችኝ። ከፍሪጅ ዕቃ ሳወጣም። በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ እንዳልነክራቸው፣ ሳይሰማኝ እቃጠላለሁ። ካልተሻለኝ ክኒን አለ። መሀል ከተማ ወርጄ የሱፍ ጓንት ገዛሁ። እማየ ጓንቱን ስታይ የባሰ ፈራችኝ። ሌባ መሰልኳት መሰለኝ።

ማክሰኞ
ወንድሜ አድማሱ ደወለ። ቤት አቮት፣ የአረጋውያን መጦሪያ እናስገባት፣ እዚያ የሚጦሯት ሰዎች አሉ አለኝ። «አንቺን እንደሆን አታስነካሽም፣ ማን ያጥባታል?» የአንተ እጅ ሙቅ ነው፣ ና እጠባት ልለው ነበር። እናታችን ሳትታጠብ የዓርብ ማታ ሰንበትን ተቀብላ አታውቅም። እስከ ዓርብ ካላስነካችኝ እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ
ትንሽ ተሳካልኝ። በሞቀ ፎጣ ፊቷን ሳብስላት አልሸሸችም። ገላሽን ልጠብሽ ስላት ግን እምቢ። እጄ ሲሞቅ መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ እንደ እሳት ይለበልበኛል።

ሐሙስ
ዝናብ። እምቢ። ምንም መጻፍ አልፈልግም።

ዓርብ
ጠዋት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ እንደገና ነጥተዋል፤ ደክሞኝ ልነካትም አልሞከርኩ። እሷ አየቻቸው። ራሷ ይዛ ደረቷ ውስጥ ከተተቻቸው። «ዝናሽ፣ ልጄ፣ በረደሽ? አይዞሽ፣ አሁን ትሞቂያለሽ» አለችኝ። ዝናሽ ታላቅ እህቴ ነበረች። ወደዚህ አገር ስንመጣ ሱዳን፣ ካምፑ ውስጥ ሞተች። እዚያው ቀብረናት መጣን።

እኔ ዝናሽ አይደለሁም አላልኳትም። «እሺ እማየ» አልኩ። ደሙ ሲመለስ ጣቶቼን አመመኝ፤ አላወጣኋቸውም። እየሳቀች ታጠበችልኝ። ጀርባዋን ሳሽላት ዝናሽን ስንት ነገር ጠየቀቻት፤ የማውቀውን መለስኩ። እኔን አንዴም አላነሳችኝም።

ለአድማሱ ደውዬ አስነካችኝ አልኩት። ደስ አለው። ማን መስዬአት እንደሆነ አልነገርኩትም።